ባለ ሙሉ ሥልጣን ራሱን ሲያስር

ከዩኒክስ ዘር በሆኑ ስርዓተ ክወናዎች ሁሉ «ሩት» የሚባል አንድ ተጠቃሚ አለ። መለያ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ የዩኒክስን መሠረት ከጣሉ ወዲህ የዚህ ተጠቃሚ ቃል የመጨረሻ ቃል ነው። የማንንም ፋይል ይከፍታል፤ የማንንም ሥራ ያቋርጣል፤ ቢፈልግ ማሽኑን ባዶ ያደርገዋል። ይሁንና ጥበቃው በጠበቀ የፍሪቢኤስዲ ሰርቨር ላይ ይኸው ሩት ከርነሉን አንሥቶ በሌላ ልተካ ቢል «ድርጊቱ አልተፈቀደም» የሚል አጭር መልስ ይመጣለታል። የይለፍ ቃሉን አልተሳሳተም። ሥልጣኑንም ማንም አልገፈፈውም። የከለከለው ራሱ አስቀድሞ ያጸናው ደንብ ነው።

ሲታይ የባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ሊቃውንት ኮምፒውተር ከመታሰቡ ብዙ ዘመን በፊት የተከራከሩበት ነው። ከበላዩ ማንም የሌለው ሥልጣን ራሱን ማሰር ይችላል? ካሰረስ ሥልጣኑ ጎደለ ማለት ነው? የታሰረውንስ ማን ይፈታዋል፣ በየትኛው በር ገብቶ? በላስታ ደጋ፣ ከኩልመስክ እስከ ላሊበላ በተዘረጋው አገር፣ ይህ ጥያቄ በነገሥታት ላይ ደርሶ ያውቃል። መልሱም በስምንት መቶ ዓመት ውስጥ ነው የተገኘው።

መጀመሪያ ማሽኑን በቅጡ መረዳት ይገባል። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ማኅደረ ትውስታውን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን ለየፕሮግራሙ የሚያካፍለው እርሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ፈቃድ ይኖራል። ስለዚህ ከርነሉን በራሱ የተካ ወራሪ ገንዘብ ወይም ፋይል ሰርቆ ከሚሄድ ሌባ የከፋ ነው፤ ባለቤቱ የሚያየውን ነገር ሁሉ ይቆጣጠራል። ባለቤቱ የፋይሎቹን ዝርዝር ቢጠይቅ የሚመልስለት ከርነሉ ነው። ማን እንደገባ ቢጠይቅም መላሹ ያው ከርነል ነው። መላሹ ከተለወጠ በኋላ ጠያቂው እውነቱን የሚያገኝበት ሌላ አፍ በማሽኑ ውስጥ የለም።

በ1993 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ የወጣው «4.4ቢኤስዲ» ለዚህ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አመጣ። አንደኛው በፋይል ላይ የሚቀመጥ «የማይለወጥ» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱ ያለበት ፋይል አይጻፍበትም፣ ስሙ አይቀየርም፣ አይሰረዝም። ሁለተኛው የጥበቃ ደረጃ ነው። ይህን ደረጃ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሩትም ቢሆን ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ደረጃው አንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምልክቱን የሚያነሣ ሰው የለም። ከርነሉን መቀየር የሚሻ አስተዳዳሪ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት አለበት። ከዚያም ኔትወርኩና ሌሎች አገልግሎቶች ሳይጀምሩ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ በሚከፈተው ሁኔታ ይገባል፤ ምልክቱን ያነሣል፤ አዲሱን ከርነል ያስቀምጣል። የቆየው አይጣልም። አዲሱ ባይሠራ የሚመለሱበት እንዲኖር በጎን ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ማሽኑ እውነተኛውን ባለቤት የባለቤቱን ቁልፍ ከሰረቀ ሰው መለየት ስለማይችል ነው። ሁለቱም ለእርሱ ዜሮ ቁጥር ናቸው። «አንተ ማነህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካጣ የሚቀረው «የት ሆነህ፣ መቼ፣ በማን ፊት?» የሚለው ነው። ስለዚህ ትልቁ ድርጊት ከሩቅ በሹክሹክታ እንዳይፈጸም ሰውየው ማሽኑ ካለበት ክፍል በአካል እንዲገኝ ተደረገ። ማሽኑ ሲጠፋም አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ተጠቃሚ ሁሉ አንድ ነገር እየተደረገ መሆኑን ያውቃል።

በላስታ ገጠር ያለ ምእመን ይህን አሠራር ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ድንጋዩን የተሸከመው፣ እንጨቱን ያቀረበው፣ ከእርሻው ላይ መገበሪያ የሚያመጣው እርሱ ነው፤ ቤቱ በእርሱ ጉልበት የቆመ ነው። ታቦቱ ወዳለበት መቅደስ ግን አይገባም። መግቢያው ለካህናትና ለዲያቆናት ነው። ካህኑም ቢሆን ታቦት መባረክ አይችልም፤ በቅብዐ ሜሮን ታቦት የሚባርክ ጳጳስ ነው። ከበላይ እስከ ታች እያንዳንዱ ያለው ሥልጣን እውነተኛ ነው፤ እያንዳንዱም የማይነካው አንድ ነገር አለው።

ነገሥታቱስ? አቡ ጻሊሕ በሚል ስም በሚታወቀው የግብፅ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ ውስጥ በዛግዌ ዘመን ስለነበሩት የኢትዮጵያ ነገሥታት አንድ አስገራሚ ወሬ ይገኛል። ነገሥታቱ ካህናት እንደሆኑና በመቅደስ ገብተው እንደሚቀድሱ፣ በእጃቸው ሰው ከገደሉ ግን ከዚያ በኋላ መቀደስ እንደማይችሉ ይናገራል። ይምርሐነ ክርስቶስም በላስታ የሚታሰበው ንጉሥም ካህንም ሆኖ ነው። ሰይፉም መቅደሱም በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን እንዲያስር የተደረገበት ሥርዓት ነው፤ ንጉሡ ያለ ከልካይ ሰው መግደል ይችል ይሆናል፣ በእጁ ከገደለ በኋላ ግን በመቅደሱ መቀደስ አይችልም።

የነገሩ ዋና ክፍል ግን ጵጵስናው ነው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ በአገሩ ርስት ይሰጣል፣ ይነቅላል፣ ይሾማል፣ ይሽራል። ጳጳስ ግን መሾም አይችልም። ጳጳሱ ከእስክንድርያ ይመጣል፤ ግብፃዊ ነው፤ ሲሞት ንጉሡ ስጦታ አስይዞ መልእክተኛ ወደ ካይሮ ልኮ ይጠብቃል። አንዳንዴ ጥበቃው ዓመታት ይፈጃል። ጳጳስ ከሌለ አዲስ ካህን የለም፤ ካህናቱ እያረጁ ሲያልቁ ደግሞ ቅዳሴው ራሱ ይታጎላል።

በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት፣ የዛግዌ ነገሥታት በላስታ ሳሉ፣ አንዱ ንጉሥ በዚህ ላይ ተነሣ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ሐርቤ እንደሆነ ያስባሉ። ለአገሩ ስፋት ተጨማሪ ኤጲስ ቆጶሳት ያስፈልጋሉ ብሎ አቡኑን ጠየቀ። አቡኑ ያለ ፓትርያርኩ ፈቃድ አይሆንም አሉ። ንጉሡ ለፓትርያርኩም ለግብፁ ከሊፋም ጻፈ፤ ከሊፋው መጀመሪያ ላይ ተስማምቶ ነበር። ፓትርያርኩ ግን የኤጲስ ቆጶሳቱ ቁጥር ከበዛ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ሊቀ ጳጳሳት ሾመው ከእስክንድርያ እንደሚለዩ አስረዱትና ጥያቄው ውድቅ ሆነ። በንጉሡ ዘመን ላስታ ላይ የሚበልጠው አልነበረም። የፈለገው ነገር ቁልፍ ግን ካይሮ ነበር።

በራሱ በቅዱስ ላሊበላ ዘመንም ነገሩ ተመልሶ መጣ። በ1205 እ.ኤ.አ. ገደማ ከግብፅ የመጡት አቡነ ሚካኤል ጥቂት ዓመታት ቆይተው ወደ ካይሮ ተመለሱ። እዚያም የላሊበላን ሚስት የንግሥት መስቀል ክብራን ወንድም በንግሥቲቱ ግፊት ኤጲስ ቆጶስ አድርገው እንደሾሙና ሰውየው በኋላ ሥልጣናቸውን እንደወሰደባቸው ተናገሩ። ነገሩን የምናውቀው ከእስክንድርያ ወገን በተጻፈ ታሪክ ነው፤ የላስታው ወገን ቢጽፈው ምን ይል እንደነበር መጠርጠር ተገቢ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል። እጁን የጫነው ትክክለኛው ሰው ሆኖ ግፊት ሲኖርበት ሹመቱ በትክክለኛው በር ገባ ይባላል ወይ? ወደዚህ እንመለሳለን።

ዛግዌዎችን የተካው ይኩኖ አምላክም ከዚህ አላመለጠም። በላስታ ምድር ባለችው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ዛሬም ይታያል። ሥርወ መንግሥት ገልብጦ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ይህ ሰው በ1270ዎቹ እ.ኤ.አ. ለግብፁ ሡልጣን ለባይባርስ ደብዳቤ ጽፎ ጳጳስ እንዲላክለት ለመነ። መንግሥት በጦር ያዘ፤ ጵጵስናን ግን በጦር ሊይዘው አልሞከረም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ባለ ሥልጣን እንዲህ መታሰሩ ድካም ነው ወይስ ጥንካሬ?

ከክርስትና ትምህርት ብንነሣ መልሱ ለድካም አያደላም። እግዚአብሔር ለኖኅ በቀስተ ደመና ምልክት ምድርን ዳግም በውኃ ላለማጥፋት ቃል ኪዳን ገባ። ለአብርሃምም ከእርሱ የሚበልጥ ስላልነበረ በራሱ ማለ፤ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ ስድስት ይህን አንሥቶ እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይችል ያስተምራል። ሁሉን የሚችለው አምላክ «አይችልም» የተባለበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ያደረገችው አጽንዖት ከብዙዎች ይበልጣል፤ የኪዳነ ምሕረት በዓልና በየገድሉ የሚነበቡት ለቅዱሳን የተሰጡ ቃል ኪዳኖች ሁሉ በዚሁ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው። ምእመኑ በኪዳኑ የሚማጸነው ኪዳኑ ሰጪውን ራሱን ይይዛል ብሎ ስለሚያምን ነው። ዛሬ የማለውን ነገ ሊያፈርስ የሚችል ሥልጣን መሐላው ምንም አይመዝንም፤ ሊምል የሚችለው ሊታሰር የሚችል ብቻ ነው። ስለዚህ ራስን ማሰር የሥልጣን ጉድለት ሳይሆን ሥልጣን ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው።

ግን ይህ መልስ ሙሉ አይደለም፤ ሙሉ ነው ብሎ ማለፍም ለላስታው ንጉሥ ፍትሐዊ አይሆንም። ራሱን ያሰረና ሌላ ያሰረው ሰው አንድ አይደሉምና።

የማሽኑ ዓለምም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። አፕል በ2015 እ.ኤ.አ. «ኤል ካፒታን» በተባለው ስርዓተ ክወናው ላይ ሩት ዋና የስርዓት ፋይሎችን እንዳይነካ አገደ። በማክ ኮምፒውተሮች ባለቤቱ ወደ መልሶ ማግኛው ክፍል ገብቶ እገዳውን ሊያነሣ ይችላል፤ በስልኮቹ ላይ ግን ቁልፉ በኩባንያው እጅ ነው፤ የገዛው ሰው ከርነሉን መቀየሪያ ሕጋዊ በር አልተተወለትም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የጂኤንዩ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ በዚህ ላይ ነው። በቤት ዕቃ ውስጥ በዚህ ፈቃድ የወጣ ፕሮግራም የሚያስገባ አምራች ባለቤቱ ያሻሻለውን ቅጂ አስገብቶ ለማስነሣት የሚያስፈልገውን ቁልፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ጥበቃውን አይቃወምም። የሚጠይቀው ቁልፉ ከማን ዘንድ ይሁን ብሎ ነው።

የእስክንድርያው ቁልፍ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው ቀኖና የኒቅያ ጉባኤ ቀኖና ተብሎ በፍትሐ ነገሥትም ገብቶ ተነበበ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ያዘዙት ስለመሰለ ማንም ሊነካው አልደፈረም። በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ያወጣቸው ቀኖናዎች ሃያ ብቻ ናቸው፤ ይህኛው በኋላ ዘመን በዐረብኛው ስብስብ ውስጥ በጉባኤው ስም ከገቡት ነው። «የማይለወጥ» የሚለው ምልክት የተደረገበት ነገር በሌላ እጅ የገባ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ኬን ቶምፕሰን በ1984 እ.ኤ.አ. በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ያነሣው ፍርሃት ይህንኑ ይመስላል። ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ተንኮል ከተቀመጠበት ንጹሕ ጽሑፍ ተሰጥቶት የተበከለ ፕሮግራም ሊያወጣ እንደሚችል አሳየ። ኮምፓይለሩ ራሱን ደግሞ ሲሠራ ተንኮሉን ያወርሳል፤ የጽሑፉ ቅጂ ሲመረመር ምንም አይገኝም። ጥበቃ የሚጠብቀውን ነገር እውነትነት አያረጋግጥም። ስለዚህ የታሰረ ሰው ያሰረውን ጽሑፍ እስከ ምንጩ የማንበብ መብት ሊኖረው ይገባል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ የተበደለችው በትሕትናዋ ነው፤ የአባቶችን ስም ስላከበረች በስሙ የመጣውንም ሁሉ አከበረች።

በሃያኛው መቶ ዓመት ቁልፉ ለመምጣት መንገድ ጀመረ። በ1921 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አራቱ ካይሮ ላይ ኤጲስ ቆጶሳት ሆነው ተቀቡ። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ፈተና ነው። በ1930 ዓ.ም. የጣልያን አስተዳደር ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእስክንድርያ ተለየች ብሎ አወጀ፤ ከአራቱ አንዱን አረጋዊውን አቡነ አብርሃምን በላይዋ ሾመ። እስክንድርያ አወገዘች።

ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ሐርቤ የለመነው ነገር ተፈጸመ ሊል ይችላል። ኢትዮጵያዊ ጳጳስ በራስ ላይ ተሾመ፤ ከካይሮ መልእክተኛ መጠበቅ ቀረ። ግን ይህን ያደረገው አገሩን በመርዝ ጋዝ የያዘ፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የፈጀ ኃይል ነው። ሩት የሆነው በወረራ ነው፤ ከርነሉን የተካውም ለራሱ ነው። ከነጻነት በኋላ የሆነውን ስንመለከት የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች ልዩነቱን በደንብ እንዳወቁት እንረዳለን። በወራሪ እጅ የመጣውን ነጻነት ይዘን እንቅር ማለት ይቻል ነበር። አልተባለም። ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ በ1934 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ድርድሩ እንደገና ከበሩ ተጀመረ። ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ካይሮ ላይ ተቀቡ። ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ። ሐርቤ ከጠየቀ ስምንት መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

ያ ዘመን ሁሉ ባክኖ ቀረ የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ያለ ጳጳስ የቀሩት ዓመታት በየደብሩ የታጎለ ቅዳሴ ናቸው። ነገር ግን በ1951 ዓ.ም. የተገኘው ሹመት ማንም የማይጠራጠረው ሆነ። ቀድሞ ባወገዘችው መንበር እጅ የተሰጠ ነውና በገዛ ሕዝቡ ልብም በሌሎቹ ዘንድም ጥያቄ አልተነሣበትም። ይህን ዓይነት እርግጠኝነት በአቋራጭ ማግኘት አይቻልም።

በሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ የተተወው የአቡነ ሚካኤል ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ማሽኑ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ ከንክኖት ሲከታተል በብዙ የሊኑክስ ስርዓቶች ውስጥ ያለው «ኤክስዜድ» የተባለ ፋይል ማመቂያ ስውር መግቢያ እንደገባበት አገኘ። ያስገባው በሐሰት ስም የሚሠራ ሰው ነበር። ሰውየው በር አልሰበረም። ለረጅም ጊዜ ጠቃሚ ሥራ እያበረከተ የደከመውን የፕሮጀክቱን ኃላፊ አመኔታ ካገኘ በኋላ ቁልፉ በሥርዓት ተሰጠው። በዚያ ጊዜ ሌሎች ስሞች በደብዳቤ ኃላፊውን ያጣድፉት፣ ሥራ አዘገየህ ይሉት ነበር። ግፊትና ድካም ትክክለኛውን እጅ ለተሳሳተ ሰው ያስጭኑታል። የላስታው ዘመን አቡን የተናገሩት እውነት ከሆነ የደረሰባቸው ይኸው ነበር።

በኛም ዘመን ጥያቄው አልቀረም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወሊሶ አጠገብ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ሃያ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ሲኖዶሱ አወገዘ፤ አገር ታመሰ፤ ሰው ሞተ፤ የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ። የሹመቱ መንገድ ትክክል አልነበረም፤ ይህን ማለት ግን የተነሣውን አቤቱታ ሐሰት አያደርገውም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያስተምራቸውና የሚናዝዛቸው አባት ያጡ ምእመናን በእርግጥ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ዝም ብለው ሄደዋል። ሲኖዶሱ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን በአብዛኛው ለኦሮሚያ ቀሪውንም ለደቡብ አህጉረ ስብከት ሲሾም ያንኑ ጉድለት ከመንበሩ ሆኖ አመነ።

ለዝጉ በር የሚከራከር ሰው መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ማሽን ጠባቂዎች ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ጥበቃውን አላነሡም። ቆሞ መጠበቅ ለማይችል ሥራ ስርዓቱ ሳይጠፋ የከርነሉን አንዳንድ ክፍል የሚጠግን ዘዴ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 4.0 ጋር ወጣ፤ ፊርማ በሚጠይቅ ማሽን ላይ ጥገናው እንደ ሌላው የከርነል ክፍል በፊርማ ተረጋግጦ ይገባል። ለቀረው ደግሞ አስቀድሞ የተነገረ የጥገና ሰዓት ይወስናሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ይህን የመሰለ ሥርዓት አላት። ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና ከትንሣኤ በኋላ በርክበ ካህናት፣ በመደበኛነት ይሰበሰባል። ከኩልመስክም ሆነ ከወሊሶ የሚነሣ አቤቱታ በሀገረ ስብከቱ በኩል በዚያ ጉባኤ አጀንዳ ላይ መድረሱን፣ መልሱም ለጠየቀው ደብር በጽሑፍ መመለሱን ማረጋገጥ ዛሬ በሥራ ላይ ባሉ ሰዎች እጅ ነው።